ባዶ ወረቀት ላይ የተመታ ማኅተም

ጧ!

ጧ!

ጧ!

ከቀጭኑ የጣውላ ግድግዳ ማዶ የሚሰማው ይህ ድምፅ የመዶሻ አይደለም። መዶሻ ሲመታ ያስተጋባል፤ ይሄኛው ግን አንዴ ጧ ብሎ እዚያው ይቀራል። ሰባት አለ። ስምንት። ዘጠኝ። ጥቂት ዝም አለና ለመጨረሻ ጊዜ ጧ! አሥር ሞላ።

ወገኖቼ፣ ምን ይመስላችኋል?

አንድ ሰው ማኅተም እየመታ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ፣ ቆርቆሮ በለበሰች የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ አናጺ ቆሞ ማኅተም ይመታል። ፊት ለፊቱ አሥር የፕሮፎርማ ወረቀቶች ተደርድረዋል። አናታቸው ላይ ስሙ ታትሟል፤ የግብር ከፋይ ቁጥሩና ስልኩም አለ። ከዚያ በታች ግን መስመር ብቻ ነው። የዕቃው ዓይነት የለም። ብዛት የለም። ዋጋ የለም። ከግርጌ ፊርማውና ክብ ሐምራዊ ማኅተሙ ቁጭ ብለዋል።

ፕሮፎርማ ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሻጭ ለገዢ «ይህን ዕቃ፣ በዚህ ዓይነት፣ በዚህ ዋጋ እሠራልሃለሁ» ብሎ ከሥራው በፊት የሚሰጠው ወረቀት ነው። ገና ያልተሠራ ነገር ላይ የሚሰጥ ቃል ነው። ይህ ሰው ግን ቃሉ ሳይኖር ማኅተሙን መታ።

«ጋሼ፣ ቀስ አድርገህ ምታው እንጂ፤ ጠረጴዛውን ልትሰብረው እኮ ነው» አለ አጠገቡ የቆመው ጎረቤቱ።

«ብሰብረው እኔው እጠግነዋለሁ። አንተን አልጠራ።»

«ጥራኝ እንጂ! መጥቼ ፕሮፎርማ እሰጥሃለሁ። ሦስት አድርጌ!»

ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ። አሥሩ ወረቀት ተጠቅልሎ ጎረቤቱ ብብት ውስጥ ገባ። ሳቁም፣ ወረቀቱም፣ ቅዳሜውም እንደ ቀላል ነገር አለፈ።

እስቲ ስለዚህ ሰው ትንሽ ልንገራችሁ፤ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ።

ዴታሞ ይባላል። በዚያች ከተማ የዴታሞን ወረቀት የሚያህል ወረቀት አልነበረም። ሌላው አናጺ «ቁም ሳጥን፣ አንድ» ብሎ ዋጋውን ጥሎ ሲፈርም፣ ዴታሞ ማስመሪያ አውጥቶ ይቀመጣል። እንጨቱ ዋንዛ ይሁን ባሕር ዛፍ ይጽፋል። ውፍረቱን ይጽፋል። ስንት መደርደሪያ፣ ስንት ማጠፊያ፣ ቫርኒሹ ስንት ጊዜ እንደሚቀባ፣ ማጓጓዣውን ማን እንደሚችል፣ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና፣ ሁሉንም በየመስመሩ ያሰፍራል። ግብሩን ለብቻ ያወጣዋል፣ ድምሩን ለብቻ። ስርዝ ድልዝ ካለበት ቀዶ ይጥልና እንደገና ይጀምራል። ብዙ የተማረ ሰው አይደለም። እጁ ግን ታማኝ ነበር።

ይህን ከየት ተማረው? ከጸጸት ነው የተማረው። በወጣትነቱ ለአንድ ሽማግሌ ቁም ሳጥን ሠራ። ሽማግሌው «አራት መደርደሪያ ነው ያልኩህ» አሉ። እሱ «ሦስት ነው ያሉኝ» አለ። የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሽማግሌው ዕቃውን ወሰዱ፣ ገንዘቡንም ከፈሉ፤ ሰላምታውን ግን ከለከሉት። በመንገድ ሲተላለፉ ፊታቸውን አዙረው ሦስት ዓመት ከኖሩ በኋላ ሞቱ። ዴታሞ ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሞ፣ አንዲት መስመር ጽፌ ቢሆን ኖሮ እያለ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ የማይጽፈው ነገር አልነበረም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ባዶ ወረቀት ላይ እንዴት ማኅተም ይመታል?

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ሲገዙ ከሦስት ቤት ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ ይባላሉ። ሦስት ሰው ቢጠየቅ አንዱ እንኳ እውነቱን ይናገራል ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። የእነ ዴታሞ ሰፈር ሰዎች ግን መላ አገኙለት። ሥራውን የፈለገው ሰው ሦስቱንም ራሱ ያመጣል። አንዱ የራሱ ይሆናል፤ ሁለቱን ከጎረቤት ይቀበላል። የጎረቤቶቹ ዋጋ ከፍ ተደርጎ ይጻፋል፤ እሱ ረከስ ብሎ እንዲታይ። እነዚያን ሁለት ወረቀቶች «አጃቢ» ይሏቸዋል። አጃቢ መጠየቅ ኮላ እንደ መበደር ነው። የከለከለ ሰው ጎረቤቱን የጠላ ይባላል።

የዴታሞ ጎረቤት ሽጉጤ ይባላል። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያንሰዋል። ሳቂታ ነው፣ ለሥራ ቀልጣፋ ነው፣ ለሰውም ደራሽ ነው። አጃቢ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚመጣው ዴታሞ ዘንድ ነበር። ለምን? የዴታሞ ወረቀት ስለሚታመን! የሌላው አናጺ ወረቀት አጃቢነቱ ከሩቅ ያስታውቃል። የዴታሞን ስም ያየ ግን አይጠራጠርም።

«እኔ ሙሽራ፣ አንተ ሚዜ» ይለው ነበር ሽጉጤ።

«ሚዜ እኮ ይበላል።»

«አበላሃለሁ! ጾም እስኪፈታ ታገሠኝ።»

መጀመሪያ ላይ ዴታሞ ራሱ ነበር የሚሞላው። ግን አልሆነለትም። ሊሠራው የማያስበውን ወንበር፣ ሊጠይቀው በማያስበው ዋጋ ሊጽፍ ሲቀመጥ እጁ ይከብደዋል። አንድ ጊዜ አንዲት አጃቢ ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀደደ። እጁ እንቢ እያለው ነበር፣ ወገኖቼ። ያ እንቢታ ከማን እንደነበር እኔም እናንተም እናውቃለን።

እሱ ግን ምን አደረገ? እጁን ሰምቶ ጎረቤቱን «አልችልም» ማለት ሲገባው፣ አለማየትን መረጠ። «ሽጉጤ፣ እኔ መጻፉ አድካሚ ሆኖብኛል። ፈርሜ፣ ማኅተም መትቼ እሰጥሃለሁ፤ የፈለግከውን ሙላበት» አለው። ከዚያ በኋላ እጁ አልከበደውም። ማኅተም መምታት ቀላል ነው።

ሚስቱ ብርቄ አንድ ቀን ምሳ ይዛ ስትመጣ ደረሰችበት። ሰሐኑን አስቀምጣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለአንድ ቁም ሳጥን ግማሽ ቀን ስትጽፍ ትውላለህ። ለሽጉጤ ግን ባዶ ትሰጣለህ?»

«ወረቀት ነው፣ ብርቄ።»

«ላንተ ወረቀት ነው። ለሚያነበው ግን አንተ ነህ።»

«ጎረቤቴ ነው እኮ። ያን ክረምት ስትታመሚ በዝናብ ባጃጅ ፈልጎ ሆስፒታል ያደረሰሽ ማን ነበር? እኔ ነበርኩ? እሱ ነው!»

ብርቄ ሰሐኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። እውነት ነበራ። ውለታው እውነት ነበር። ግን ልብ በሉ፤ እውነተኛ ውለታ በሐሰት ወረቀት ሲከፈል ውለታውም ይበላሻል። ሽጉጤ በዚያ ዝናብ የሮጠው ማኅተም አገኝ ብሎ አልነበረም። ውለታውን የማኅተም ዋጋ ያደረጉት በኋላ ነው፤ ሁለቱም።

ሁለት ዓመት አለፈ።

የዴታሞ ቤት ደጃፍ ቀስ በቀስ ጭር አለ። ድሮ የጤና ጣቢያው መደርደሪያ፣ የወረዳው ጠረጴዛ፣ የማኅበሩ ወንበር ወደ እሱ ይመጣ ነበር። አሁን ማንም አይመጣም። ለምን እንደሆነ የነገረው የለም። አንድ ቀን ብቻ የአንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ መንገድ ላይ አግኝቶት፣ «አንተ ጋ ውድ ነው ይላሉ እኮ፤ ምነው ትንሽ ብትቀንስ?» አለው። ዴታሞ ሳቀ። ምቀኛ ያወራው ነው ብሎ ናቀው። በየመዝገብ ቤቱ፣ በየፋይሉ ውስጥ፣ በስሙና በማኅተሙ የተቀመጡትን ዋጋዎች አላያቸውም። እንዴት ሊያያቸው ይችላል? ሳያይ አይደል የሰጣቸው።

ክብ መጋዙን ሸጠ። የቤቱን ኪራይ ሁለት ወር ሳይከፍል ቀረ። ሥራ ሲበዛበት ሽጉጤ ይጠራውና በቀን ሂሳብ ቫርኒሽ ያስቀባው ጀመር። ጋሼ ዴታሞ፣ የሰፈሩ አንደኛ አናጺ፣ በጎረቤቱ ቤት ብሩሽ ይዞ ቆመ። ሽጉጤ አያዋርደውም፤ ምሳ ሳያበላው አይሸኘውም። ዴታሞ ግን ከሁለት ጉርሻ ሳያልፍ ይነሣ ነበር። ማታ ለብርቄ፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ ካላገኘሁ ቤቱን ለባለቤቱ አስረክቤ የቀረኝን ማሽን እሸጣለሁ» አላት። ሠላሳ ዓመት የቆየበት ሙያ ነው። ብርቄ ትራሷን አስተካክላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በዚያው ሳምንት አንዲት ሴት መጣች።

ወይዘሮ እታገኝ ትባላለች። መስማት የማይችሉ ልጆች የሚማሩበት የአንድ ትምህርት ቤት አዲሷ ዳይሬክተር ናት። ከሩቅ የሚመጡት ልጆች ማደሪያ ተሠርቶላቸው፣ አርባ አልጋ ያስፈልጋል።

«ሦስቱንም ፕሮፎርማ እኔው እየዞርኩ ነው የምሰበስበው» አለችው ገና ሳትቀመጥ። «ማንም እንዲያመጣልኝ አልፈልግም። የእርስዎን ወረቀት ያነበበ ሰው አልጋው ላይ የተኛ ያህል ያውቀዋል አሉኝ። እውነት ነው?»

ዴታሞ እንደ ልጅ አፈረ። «እንግዲህ እሞክራለሁ» አለ። ከዚያ ወንበሩን በጨርቅ ጠርጎ አስቀመጣትና መጠየቅ ጀመረ። ልጆቹ ዕድሜያቸው ስንት ነው? አልጋዎቹ በስንት ረድፍ ይሆናሉ? መስኮቱ በየት በኩል ነው? በመጨረሻ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያወራሉ?» አላት።

ወይዘሮ እታገኝ ሳቀች። «መብራት እስኪጠፋ ነዋ! እጃቸው መቼ ያርፋል?»

«እንግዲያውስ ራስጌው ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ካለ አይተያዩም።»

ሴትዮዋ ሳቋን አቆመች። ለብዙ ጊዜ አየችው። «ይህን እስካሁን ያሰበልኝ ሰው የለም» አለች።

ዴታሞ በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ያን ፕሮፎርማ ጻፈ። የእንጨቱን ዓይነት። የእግሩን ውፍረት። ርብራቡን። ልጆቹን እንዳይቧጭራቸው ጠርዙ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት እንደሚለሰልስ። «ራስጌው ዝቅ ያለ፣ ልጆቹ ተኝተው በእጅ ምልክት እንዲነጋገሩ» ብሎ ለብቻው አንድ መስመር ሰጠው። ዋጋው ሐቀኛ ነበር፤ ትርፉም ትንሽ ነበረች። ፊርማውን አኖረ፣ ማኅተሙን መታ። ብርቄ ስታነበው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይሄ አንተ ነህ» አለችው።

እውነቷን ነው። እሱ ነበር። ሌሎቹስ ወረቀቶች ማን ነበሩ?

ሐሙስ ወይዘሮ እታገኝ ተመለሰች። ክንዷ ሥር ያረጀ ቢጫ ፋይል ይዛለች። ዴታሞ ገና ሲያያት፣ ሥራው መጣ አለ በሆዱ። ከግድግዳው ማዶ የሽጉጤ ማሽን ይጮሃል።

ፋይሉን ከፈተች። የእሱን አዲስ ፕሮፎርማ በቀኝ አስቀመጠች፤ በግራ ደግሞ ጥጉ የተጣጠፈ ሌላ ወረቀት።

«አቶ ዴታሞ፣ ይህ ማኅተም የእርስዎ ነው?»

«አዎ። የእኔ ነው።»

«ፊርማውስ?»

«የእኔው ነው።»

«ጽሑፉስ?»

ጎንበስ ብሎ አየ። «የተማሪ ዴስክ፣ 60፣ የአንዱ ዋጋ 5,100» ይላል። ሌላ የተጻፈ የለም። እንጨቱ ምን እንደሆነ የለም፣ ቀኑ የለም። ፊደሎቹ ወደ ቀኝ ተጋድመዋል። የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አወቀው። ልክ በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ማዶ ማሽኑ ጸጥ አለ።

ሴትዮዋ ትጠብቃለች። ግድግዳውም ይጠብቃል።

«ያን ጊዜ... እንጨት ተወዶ ነበር» አለ ዴታሞ።

እዚህ ላይ ቁሙ፣ ወገኖቼ። ማን አስገደደው? ማንም! ባዶ ወረቀት ከሰጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬ ግን በገዛ አፉ ሞላው። ሰው ላልተናገረው ሐሰት ጠበቃ ሆኖ ሲቆም አይታችሁ አታውቁም? ራሳችሁን አይታችሁ አታውቁም?

ወይዘሮ እታገኝ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ኖሮ በቀለለው። «እኔም እንደዚያ ይሆናል ብዬ አጣራሁ» አለች። «ያን ጊዜ እንጨት ከዛሬው ይረክስ ነበር።»

ከዚያ በለሆሳስ ነገረችው። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ ስልሳ ዴስክ ለመግዛትና አንድ መምህር ለመቅጠር የሚበቃ እርዳታ አግኝቶ ነበር። ሥራውን ያሸነፈው ሰው በአንዱ ዴስክ አራት ሺህ ስድስት መቶ ጠየቀ። ኮሚቴው መጀመሪያ በዛ ብሎ አመነታ።

«ቃለ ጉባኤውን አንብቤዋለሁ። 'አቶ ዴታሞ እንኳ አምስት ሺህ አንድ መቶ ካለ፣ ይሄኛው ረክሷል' ይላል። በእርስዎ ስም ነው የተፈራረሙት።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ያን ጊዜ አንዱ ዴስክ በትክክል ስንት ያወጣ ነበር?»

ዴታሞ ሳያስበው አእምሮው ሂሳቡን ሠራ። ሠላሳ ዓመት የሠራው ሂሳብ ነው። «ሦስት ሺህ ሁለት መቶ» አለ። ከዚያ ውሸት በኋላ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር።

«የስልሳው ልዩነት ሰማንያ አራት ሺህ ነው። የአንድ መምህር የዓመት ደመወዝ። መምህሩ አልተቀጠረም፤ የመጀመሪያው ክፍል በዚያ ዓመት አልተከፈተም። አሥራ አንድ ልጆች ከበር ተመለሱ። አንዷ ከእናቷ ጋር የሁለት ቀን መንገድ መጥታ ነበር። ስሟን መዝገብ ላይ አገኘሁት። ከጎኑ 'ለሚቀጥለው ዓመት' ይላል። በሚቀጥለው ዓመት አልመጣችም።»

ዴታሞ የሥራ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከሽጉጤ አንዲት ሳንቲም አልተቀበለም ነበር። አንዲት ሳንቲም! ይህንን ሁልጊዜ ለራሱ ይነግረው ነበር፤ ያጽናናውም ነበር። አሁን አላጽናናውም። አሥራ አንድ ልጆች በነጻ ተሰጡ።

ሴትዮዋ ሁለቱን ወረቀቶች በጣቷ አስጠጋቻቸው።

«ሁለቱም ላይ የእርስዎ ማኅተም አለ» አለች። «የትኛውን ልመን?»

ወገኖቼ፣ ታሪኩን እዚህ ላይ ላቁመውና ወደ እናንተ ልዙር። ጥያቄው የዴታሞ ብቻ ስላልሆነ ነው።

እናንተስ ለማን ባዶ ወረቀት ሰጥታችኋል?

«እኔ ፕሮፎርማ የለኝም፣ ማኅተም የለኝም» እንዳትሉኝ። ስም አላችሁ። ሽማግሌ ሁናችሁ ትላኩና የማታውቁትን ልጅ «ጨዋ ነው፣ እኛ እናውቀዋለን» ብላችሁ የሰው ሴት ልጅ ታስድራላችሁ። ያቺ ልጅ በዓመቷ ዓይኗ አብጦ ስትመለስ፣ የፈረመው ማን ነበር? በዕድር ስብሰባ ላይ ያልሰማችሁትን ነገር ሌላው እጁን ስላነሣ ብቻ እጃችሁን ታነሣላችሁ። ጓደኛችሁ አንድን ሰው ሲያማ «እውነት ነው፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር» ትላላችሁ። መች ጠረጠራችሁ? ጓደኛችሁ እንዳይከፋው አጀባችሁት እንጂ! የሰውዬው ስም ግን በእናንተ ማኅተም ወጣ፤ ሰዎችም «እሷ እንኳ ካለች» ብለው አመኑ።

ይህ ነው የሚያሳዝነው። ቀጣፊ ሰው ቢያጅብ ማን ያምነዋል? ሐሰት የሚፈልገው የታመነ ሰው ስም ነው። የዴታሞ መስመር ባይጠራ፣ ወረቀቱ ባያምር፣ ቃሉ ባይከበር ኖሮ ኮሚቴው ያን ቀን ባልፈረመ። ዓመታት ደክሞ ያጠራው ስም ነው ልጆቹን ከበር የመለሰው። ስለዚህ ስማችሁ የጠራ፣ ሰው የሚያከብራችሁ፣ «እሱ ካለ አለ» የምትባሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሁሉ ይልቅ እናንተን ነው የምለምናችሁ።

ነጋዴዎች አላችሁ እዚህ መካከል፤ አያችኋለሁ። ወረቀታችሁን አጥርታችሁ ጻፉ። ዕቃውን ጻፉ፣ ዋጋውን ጻፉ፣ ቀኑን ጻፉ። ይህ የመንግሥት ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። በዚያ መስመር ላይ ለሰው ቃል ትሰጣላችሁ፤ የሰማው ደግሞ ሰው ብቻ አይደለም። ያልጻፋችሁት ወረቀት ላይ ደግሞ አትፈርሙ። ጎረቤት ይከፋዋል? ይከፋው። አንድ ሳምንት ያኮርፋል፣ ከዚያ ኮላ ሊበደር ይመጣል። እግዚአብሔር ፊት አብሯችሁ አይቆምም።

እኛስ፣ በዚህ ቤት ውስጥ ያለነው? ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ አሜን አልን? አሜን ማኅተም ነው። ስንቱን ሰምተን ነው ያልነው? ስንቱን ደግሞ፣ አጠገባችን ያለው ሰው ስላለ ብቻ፣ ባዶው ላይ ጧ አድርገን አለፍን?

አትመልሱልኝ። ለእኔ መመለስ ምን ይጠቅማችኋል? አንድ ቀን ፋይሉ ይከፈታል። በአንድ በኩል ጸሎታችሁ፣ መዝሙራችሁ፣ ተጠንቅቃችሁ የኖራችሁት ኑሮ ይቀመጣል። በሌላው በኩል ሳታዩ የፈረማችሁት ሁሉ። ሁለቱም ላይ ስማችሁ አለ። የትኛው ነኝ ትላላችሁ?

ዴታሞ ምን እንዳለ ልንገራችሁ።

ከማዶ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ ሽጉጤ ትንፋሹን የዋጠ ይመስል ነበር። ዴታሞ ግድግዳውን አየ። ያን ክረምት፣ ያን ዝናብ፣ ያን ባጃጅ አስታወሰ። ከዚያ ግራውን ወረቀት በመዳፉ ተጫነው።

«ባዶ ነው የሰጠሁት» አለ። «ፈርሜ፣ ማኅተም መትቼ፣ ባዶ ሰጠሁት። ማን እንደሞላው አልነግርዎትም፤ እሱ የራሱን ራሱ ይናገር። ይህ የእኔ ነው። እንጨት ተወዶ ነበር ያልኩትም ውሸት ነው።»

ወይዘሮ እታገኝ መዳፉ ሥር ያለውን ወረቀት አየች።

«አንድ ብቻም አይደለም» አለ። «ስንት እንደሆነ አላውቅም። ቆጥሬው አላውቅም። የት የት እንዳለ፣ ምን ምን እንደተጻፈበት፣ ስንት ሰው በኔ ስም...» መጨረስ አቃተው።

እንድትሰድበው ጠበቀ። ብትሰድበው ይቀለው ነበር። ወይም እንደ ትልቅ ሰው «ግድ የለም፣ ያለፈው አለፈ» እንድትለው ጠበቀ። ምናልባትም፣ እውነቱን ስለተናገረ፣ ስለ አልጋዎቹ አንዲት ቃል ብትተነፍስ።

ሴትዮዋ አዲሱን ፕሮፎርማ አንሥታ አንድ ጊዜ አነበበችው። ዓይኗ አንዱ መስመር ላይ ሲቆም አየ፤ የትኛው መስመር እንደሆነ ግን ከተቀመጠበት አይታየውም ነበር። ከዚያ አሮጌውን አንሥታ አዲሱ ላይ አደረገችው። ሁለቱን ባንድ ላይ ቢጫው ፋይል ውስጥ አስገባቻቸው። ክሩን አሰረች።

«ወይዘሮ እታገኝ...» አለ ዴታሞ፣ ከጠረጴዛው ተነሥቶ።

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆማ፣ ፀሐዩ ውስጥ ጥቂት ዘገየች። ዞር የምትል መሰለው።

አንዲት ቃል ሳትናገር ሄደች።